የቤት መድንና የእነዋሪ ጥቁር አፈር

በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው እነዋሪ በሰፊ አምባ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአምባው ዳር ቆመው ቁልቁል ሲመለከቱ የጀማ ወንዝና ገባሮቹ የቦረቦሩት ጥልቅ ሸለቆ ይታያል፤ ፊትን ወደ ውስጥ ሲመልሱ ግን ዓይን እስኪታክት የተዘረጋ ሜዳ ነው። ሜዳው ጥቁር አፈር ነው። የጅሩን ጤፍና ስንዴ በየገበያው ያስመሰገነው ይኸው አፈር በክረምት እግር የማያስነቅል ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሞላበት ደረቅ መሬት ይሆናል።

በዚህ አፈር ላይ ያለ በቂ መሠረት የተሠራ የብሎኬት ቤት ጥቂት ክረምትና በጋ ሲፈራረቁበት ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣራው የሚወጣ ስንጥቅ ያሳያል። ባለቤቱ በሲሚንቶ ይደፍነዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ላይ ተመልሶ ይከፈታል። ቤቱን ለባንክ ብድር አስይዞ የመድን ውል የገባ ሰው ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቶ፣ «ቤቴ መድን አለው፤ ታዲያ ይህን ማን ይከፍለኛል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ባጭሩ «ማንም» የሚል ነው። እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት የቤት መድን ምን ለመሸፈን እንደተፈጠረና ወደ አገራችን በምን መንገድ እንደገባ መመልከት ያስፈልጋል። ጉዳዩ የነጋዴና የሕግ ሰው ብቻ ቢመስልም መጨረሻው የሚያርፈው በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የቀድሞው የሸዋ ቤት ዋነኛ ጠላት እሳት ነበር። ግድግዳው በእንጨት ተማግሮ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ፣ ጣራው የሣር ክዳን፣ ምድጃውም ከቤቱ መካከል ነው፤ ኋላ ደግሞ ኩራዝ ታከለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራው ተሰብስቦ ሲከመር ክምሩ ከቤቱ ብዙም አይርቅም፤ አንድ ፍንጣሪ ነፋስ ካገኘ የዓመቱ ልፋትና ቤቱ አብረው ይሄዳሉ። ክረምት ሲገባ የደጋው መብረቅ አለ። ቤት ለተቃጠለበት ሰው የሚከፈል ካሳ አልነበረም፤ የሚደርስለት ጎረቤት ግን ነበረ። አንዱ ቋሚና ማገር፣ ሌላው የክዳን ሣር፣ ሌላው እህል ይዞ ይመጣል፤ ሕዝቡ በደቦ ወጥቶ ጎጆውን መልሶ ያቆማል። በዚህ ሥርዓት ዓረቦን ማለት ባለፈው ዓመት ለሌላው የዋለ ጉልበት ነው። በከተማ የተስፋፋው ዕድርም ዋና ሥራው ቀብርና ሐዘን ቢሆንም፣ በአንዳንዱ ዕድር ደንብ ውስጥ ቤቱ ለተቃጠለበት አባል የሚሰጥ እርዳታ ተጽፎ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ደቦ የሚተካው ከአካባቢው የሚገኘውን ነገር ነው። እንጨት፣ ሣርና ጭቃ በጉልበት ይገኛሉ። ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና የአርማታ ብረት ግን በገንዘብ የሚገዙ ናቸው፤ ጎረቤት የቱን ያህል ቢያዝን የአንድ ብሎኬት ቤት ዋጋ ከኪሱ አያወጣም። ስለዚህ ቤቱ ከሣር ወደ ቆርቆሮ፣ ከጭቃ ወደ ብሎኬት ሲለወጥ የእሳቱ ሥጋት በመጠኑ ቢቀንስም የድሮው መተማመኛ ከሥሩ ተነቀለ። የገንዘብ መድን ለመኖሪያ ቤት ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

በዓለም ታሪክ የቤት መድን የተወለደው ከእሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1666 የለንደን ከተማ ስትቃጠል ከ13,000 በላይ ቤቶች ወደሙ። በ1680ዎቹ መግቢያ ላይ ሕክምና ተምሮ ቤት በመሥራት የከበረው ኒኮላስ ባርቦን የቤት ቃጠሎ መድን የሚሸጥ ቢሮ ከፈተ። የጠየቀው ዓረቦን ለጡብ ቤት ከዓመት ኪራዩ 2.5 በመቶ፣ ለእንጨት ቤት ግን እጥፉን 5 በመቶ ነበር። የሙያ ባልደረቦች ይህን ልዩነት ልብ ሊሉት ይገባል፤ መድን ገና ከጅምሩ ቤቱ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ንግድ ነበር። ቤቱ በምን ዓይነት አፈር ላይ እንደቆመ ግን አልጠየቀም፤ እሳት አፈርን አይመለከትምና።

ወደ ኢትዮጵያ የገባውም ይኸው የእሳት ውል ነው። በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ያዋውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ደግሞ ሙዚንገር የሚባል ኦስትሪያዊ ባሎአዝ የተባለውን የስዊስ የእሳት መድን ኩባንያ ወክሎ ቢሮ ከፈተ። እሳትና ባሕር አብረው መምጣታቸው ደንበኛው ማን እንደነበረ ይናገራል፤ በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ነው። መድን የተገባለትም በመርከብ ላይ ያለው ጭነትና ጭነቱ የሚያርፍበት መጋዘን ነው። ተራው ሰው የሚኖርበት ቤት ከዚያ ሒሳብ ውጭ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1951 ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ ኩባንያ ሲቋቋም በአገር ውስጥ የተመሠረተ የመጀመሪያው መድን ሰጪ ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ ከቁጥር 654 ጀምሮ የመድንን ውል ምንነትና የሁለቱን ወገኖች ግዴታ ደነገገ። የፍትሐ ብሔር ሕጉም የታወጀው በዚያው ቀን ነው፤ ይህን አንባቢ በልቡ ቢይዘው ወደፊት ይጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 ለመድን ሥራ ፈቃድና ቁጥጥር አበጀለት። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 68 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ስለ መድን ታሪክ ሲነገር ይህ ሦስተኛው አዋጅ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ሲወሰን፣ ለቤት መድን ደንበኛ ይሆን የነበረው ቤት አከራይ ከገበያው ወጣ፤ የቀረው ባለቤትም አብዛኛው ስለ ዓረቦን ለማሰብ የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረውም። የግል ኩባንያዎች የተመለሱት በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ነው። የንግድ ሕጉ ሌሎች ክፍሎች በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ሲተኩ ስለ መድን የሚናገረው ክፍል ሳይነካ ቀርቷል።

እንግዲህ ውሉ ምን ይሸፍናል? መደበኛው የእሳት መድን ውል በመሠረቱ የሚሸፍነው እሳትን፣ መብረቅንና ለቤት አገልግሎት የሚውል ጋዝ ወይም የውሃ ማሞቂያ ሲፈነዳ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። ማዕበል፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሁከት፣ የተሽከርካሪ ግጭት፣ የቧንቧ መፈንዳት ተጨማሪ ዓረቦን ተከፍሎባቸው ካልተጻፉ የሉም። ስርቆት የራሱ ውል አለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቤት ሲቃጠል ዕቃ ለማዳን በሚደረገው ግርግር መካከል የሚሰረቅ ንብረት በእሳቱ ውል አይከፈልም። ቤቱ ከ30 ቀን በላይ ሰው ሳይኖርበት ከቆየም መድን ሰጪው አስቀድሞ አውቆ ካልተስማማ በቀር ሽፋኑ ይቋረጣል። ለልጅ ሕክምና ወይም ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የሚከርም ሰው ይህን አንቀጽ አያስተውለውም።

ለጅሩ ሰው የሚቀርበው ምሳሌ የክምሩ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጡ ተብላልቶ ሊግልና ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። መደበኛው ውል አንድ ንብረት በራሱ መብላላትና መጋል የሚደርስበትን ጉዳት አይከፍልም። ክምሩ በዚህ ዓይነት ተቀጣጥሎ ከአጠገቡ ያለውን ቤት ቢያቃጥል ግን፣ ክምሩ መድን ቢኖረውም አይከፈልም፤ ቤቱ ይከፈላል፤ ለቤቱ የመጣበት እሳት ነውና። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን መላው የመድን አስተሳሰብ በዚህ ውስጥ አለ። ከውጭ በድንገት የመጣ ጉዳት ይከፈላል፤ ንብረቱ ከገዛ ባሕርዩ ያመጣው አይከፈልም።

በቸልተኝነት የደረሰ ጉዳት ይከፈላል፤ ሕጉ የሚከለክለው ሆን ተብሎ የተደረገውን ነው። ይህም መልካም ነው፤ የዛሬው የቤት ቃጠሎ ቸልተኝነት የማይገኝበት ጥቂት ነውና። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ይህን ምጣድ የሰካ፣ የተቃጠለውንም ፊውዝ በወፍራም ሽቦ የተካ ቤተሰብ ግድግዳው ውስጥ ምድጃ አነደደ ማለት ነው። ከሰል ሳይጠፋ ማደሩ፣ ቡታ ጋዝ ከምድጃው አጠገብ መቀመጡ፣ የጋዝ ሲሊንደር ጎማ ሳይለወጥ ማርጀቱ ሁሉ የዚሁ ወገን ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ባለቤቱን የሚያስከፋው ግን የዋጋው ነገር ነው። ቤቱ እንደገና ለመሥራት 1,000,000 ብር የሚያስወጣ ሆኖ ሳለ መድን የተገባለት በ400,000 ብር ነው እንበል። የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ የሚከፈለው 80,000 ብር ብቻ ነው፤ መድን ያልተገባለትን ድርሻ ባለቤቱ ራሱ እንደተሸከመ ይቆጠራል። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር አሥር ዓመት ያልተከለሰ ውል እንዲህ ዓይነት ወረቀት ይሆናል። ቤቱ በብድር የተያዘ ከሆነ ደግሞ ግምቱ ለባንኩ ዕዳ የሚበቃ መሆኑ ብቻ ታይቶ ሊጻፍ ይችላል፤ ቤቱን መልሶ ለማቆም መብቃቱ የባለቤቱ ጉዳይ ነው።

ከእሳት ወደ ምድር ስንወርድ ውሉ እየጠበበ ይሄዳል። ከእነዋሪ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በስምጥ ሸለቆው ዳር፣ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬና የመጀቴ አካባቢ በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ፤ ዋናው ግንቦት 24 ቀን የደረሰው ሲሆን የመጀቴ ከተማ ፈራረሰች። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ብዙ ባለቤቶች ይህ አደጋ በውላቸው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ያሰቡት ያን ጊዜ ነበር። እንደተባለው በተጨማሪ ዓረቦን ካልሆነ አይገኝም። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በጣርማበር ወረዳ በይዛባ አካባቢ ተራራው ተንሸራትቶ ቤቶችን ሲያፈርስ የተጎዳው ሕዝብ ገበሬ ነበር፤ ለእርሱ የመድን ውል የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈ።

መንቀጥቀጡም መንሸራተቱም ቢያንስ ድንገተኛ ናቸው። የእነዋሪ አፈር ግን ድንገተኛ አይደለም። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ይህ ጥቁር አፈር ከግማሽ በላይ የሚሆነው በደጋው ክፍል ይገኛል። ውስጡ ያለው ሸክላ ውሃ በቅጠል በቅጠሉ መካከል እያስገባ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸመቀቃል። ቤት በላዩ ሲሠራ ከወለሉ መካከል በታች ያለው አፈር እርጥበቱን እንደያዘ ይቆያል፤ ከግድግዳው ውጭ ያለው ግን በየበጋው እየደረቀ ይወርዳል፣ በየክረምቱ እየራሰ ይነሣል። መሠረቱ ጥልቀት የሌለው ከሆነ የቤቱ ጠርዝ ከመካከሉ ተለይቶ ይወጣል፣ ይወርዳል። ብሎኬት መታጠፍ አያውቅም፤ ይሰነጠቃል። የድሮው የጭቃ ቤት በአንጻሩ እንጨቱ ስለሚተጣጠፍ ብዙውን እንቅስቃሴ ችሎ ያሳልፍ ነበር፤ የተሰነጠቀውንም ባለቤቷ በዓመት በዓል ዋዜማ ስትመርገው ይሽራል። በብሎኬት ስንለውጠው ይህን ትዕግሥት አብረን ጣልነው። ጣራው አሸንዳ ሳይኖረው ውሃው ከግድግዳው ሥር ሲፈስ፣ ባሕር ዛፍም ከማዕዘኑ አጠገብ ቆሞ እርጥበቱን ሲመጥ ጉዳቱ ይብሳል።

የሚገርመው የእነዋሪ ገበሬ ይህን አፈር ከማንም በላይ የሚያውቀው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል የነበሩ ተመራማሪዎች ስለ ጥቁር አፈር አጠቃቀም ሊያጠኑ እነዋሪ ሲደርሱ፣ ሴቶችና ልጆች ከማረሻው ኋላ እየተከተሉ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፊ መደብና ቦይ ሲያወጡ አገኟቸው። ዓላማው የክረምቱ ውሃ ከሥሩ ሳይተኛ እንዲወርድ ነው። ከማሳው ጥቂት ራቅ ብሎ በዚያው አፈር ላይ የሚሠራው የብሎኬት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ዙሪያውን ቦይ የለውም።

ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት መድን ሰጪው የማይከፍለው በክፋት አይደለም። በየዓመቱ የሚመጣ ነገር አደጋ አይባልም፤ በእርግጥ የሚደርስን ነገር መድን የሚሸጥ ሰው በዓረቦን ፈንታ የጥገናውን ዋጋ መጠየቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ቀስ በቀስ የሚመጣ ማርጀት፣ የመሠረት መስመጥና የግንባታ ጉድለት ከውሉ ውጭ ይደረጋሉ። ሌሎች አገሮች ከዚህ ግድግዳ ጋር የተጋጩት ዘግይተው ነው። በእንግሊዝ የመሬት መስመጥ በቤት መድን ውስጥ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር፤ በ1976 ብርቱ ድርቅ ደርሶ ሸክላማው አፈር ሲሸመቀቅ የካሳ ጥያቄ በኩባንያዎቹ ላይ ጎረፈ። ፈረንሳዮች የሄዱት በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የናፖሊዮን ሕግ በቁጥር 1792፣ አንድ ሕንፃ በአሠራሩ ጉድለት፣ በአፈሩም ጉድለት ቢሆን፣ ቢፈርስ አርክቴክቱና ሥራ ተቋራጩ ለ10 ዓመት ኃላፊ እንዲሆኑ ደነገገ። በ1978 ደግሞ ይህን ኃላፊነት የሚሸከም መድን መግባትን በሕግ አስገደዱ።

እዚህ ላይ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ይመለሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ የናፖሊዮንም አንቀጽ ከእርሳቸው ጋር መጣ። በቁጥር 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ በአሠራር ጉድለት ወይም ሥራው በተሠራበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰው ጥፋት ይጠየቃል። የመሬት ጠባይ! በአንድ ቀን ከታወጁት ሁለት ሕጎች አንደኛው መድንን ከድንገተኛ አደጋ ጋር አስሮ የእነዋሪን አፈር ከውጭ ሲተወው፣ ሁለተኛው አፈሩን በስሙ ባይጠራውም በሠሪው ትከሻ ላይ ጫነው። ኃላፊነቱ ከፈረንሳይ መጣ፤ ኃላፊነቱን የሚሸከመው የግዴታ መድን ግን አልተከተለውም። ለግንባታ ሥራ የሚገባው የተቋራጮች መድን በአብዛኛው የሚያበቃው ከርክክቡና ከጥገናው ጊዜ ጋር ነው፤ የእነዋሪ ስንጥቅ ደግሞ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሥራው ምን እንደሆነ ለማኅበሩ አባላት አዲስ አይደለም። ጥቁሩን አፈር እርጥበት እስከሚለዋወጥበት ጥልቀት ድረስ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ወይም መሠረቱን ከዚያ በታች ማውረድ፣ መሠረቱን በአርማታ ወገብ ማሰር፣ ዙሪያውን ውሃ በማያሳልፍ ንጣፍ መክበብ፣ የጣራውን ውሃ በአሸንዳ አርቆ መጣል፣ ባሕር ዛፉን ቢያንስ የቁመቱን ያህል ማራቅ ነው። ለአንድ መለስተኛ ቤት ይህ የሚጨምረው ወጪ ቀላል አይደለም፤ ባለቤቱም ገንዘቡን ከዓይን ከሚሰወረው መሠረት ይልቅ ለሚታየው ግድግዳና ቆርቆሮ ማዋል ይመርጣል። መሐንዲሱ በአጠገቡ ቢኖር ይህን ክርክር ይገጥመው ነበር።

ችግሩ ብዙ ጊዜ አለመኖሩ ነው። በአነስተኛ ከተሞች ባለቤቱ ሲሚንቶውንና ብሎኬቱን ራሱ ይገዛል፤ ግንበኛው በቀን ሒሳብ ይሠራል፤ ድንጋዩን የሚያመጣው ሌላ፣ ጣራውን የሚመታው አናጢም ሌላ ነው። በቁጥር 3039 «ሥራ ተቋራጭ» ተብሎ የሚጠራው ሰው በዚህ ቤት ውስጥ ቢፈለግ የሚገኘው ባለቤቱ ራሱ ነው። የተጻፈ ውል የለም፤ ቤቱ የሚመረቀው ቡና ተፈልቶ ነው እንጂ በርክክብ ሰነድ አይደለም፤ ስለዚህ አሥሩ ዓመት ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር የሚያሳይ ወረቀት አይገኝም።